አባባ ሰንበቴ ላይ የዳኙበት ቀን

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ ቶፊቅ፣ ሰላምታዬ እንደ ቦርከና ውሃ ሳይቋረጥ ጅዳ ድረስ ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ማሽላውም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ሰንበቴ ገበያ ላይ ያየሁትን ልንገርህ። የአፋር ግመሎች የጨፋ ገበሬ ማሳ ገብተው ሰው ቆሰለና ሁለቱም ወገን መሣሪያ ይዞ ተፋጠጠ። የወረዳው ዳኛ ቢለምኑም ሰሚ አጡ። አባባ እንደ አያታችን አባገር፣ የአገር አስታራቂ አይደሉ? እርጥብ ሣር ነጭተው መሃል ገቡ።

«የቆሰለው የሁላችን ልጅ ነው። መተኮስ የሚሻ መጀመሪያ እኔን ይርገጥ» አሉ።

ጠመንጃው አንድ በአንድ መሬት ተቀመጠ፤ ከዚያ ፍርዱን ሰጡ። ዳኛው ራሳቸው ተነሥተው ቆሙላቸው።

«ንጉሡም ደርጉም ሲያልፉ ይህ ሥልጣን አላለፈም» አሉኝ ዳኛው።

ስንመለስ አባባ «ልጄ፣ አፋሮቹ ምነው ቀሩ?» ብለው ጠየቁኝ።

«መጥተው ታረቁ እኮ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው እጄን ያዙ።

አሁን ለሽምግልና ሲቀመጡ አጠገባቸው ሆኜ የጠፋባቸውን የሰው ስም በጆሯቸው ሹክ እላቸዋለሁ። ለዒድ ያልከውን መምጫህን ለረመዳን መግቢያ ብታደርገው ደስ ይለናል። ትናንት በስልክ ድምፅህን ሲሰሙ ወዲያው ነው ያወቁህ።

የአባባ ዱዓ ከደጅህ አይራቅ።

እህትህ ዓዲላ፣ ከከሚሴ