ፊደል ለማይለየው ባሌ ማን አነበበለት?

ማክሰኞ፣ ጥር 14፣ አርካዊት ሰፈር፣ ካርቱም

ቁርስ ላይ ባሌ፣ «ያላ ቆቂት፣ ሻይ ቅጂልኝ» አለኝ። ደነገጥኩ። ቆቂት የሚለኝ በአስራ ስድስት ዓመቴ ኮምቦልቻ ሳለሁ የምወደው ልጅ ብቻ ነበር። ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ያኔ የዕለት ማስታወሻዬ ላይ ግን ጽፌዋለሁ።

«ማን ነገረህ?» ስለው፣ «ወላሂ፣ እንዲሁ አፌ ላይ መጣ» ብሎ ሳቀ። እሱ እዚሁ ካርቱም ያደገ ነው፤ አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደል አይለይም።

ሲወጣ የማስታወሻ ደብተሩን ከሻንጣዬ አውጥቼ አነበብኩት። «ከእሱ ሌላ ባል አላገባም» ብዬ ምዬበታለሁ። አፈርኩ። ይህንንም ሰምቶ ይሆን?

ከእኔ ሌላ እዚህ ቤት አማርኛ የምታነብ አብራን የምትኖረው እህቴ ዘሀራ ናት። አመሻሽ ላይ ባሌ ተመልሶ ሦስታችን ራት ስንቀርብ ደብተሩን ከፊቷ አስቀመጥኩት። የምን ደብተር ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ቀና ብላ ያየችው ባሌን ነው።