ሙሉ ያገኘህባት ጥያቄ

ሐረር፣ ጀጎል
ሰኞ፣ ኅዳር 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዐብዱልመጂድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ ግን ያጠፋሁት ነገር አለ። ባለፈው ሐሙስ የደረሰንን ደብዳቤህን ለአባ ሳነብላቸው አንድ አንቀጽ ዘለልኩ።

መቼም ታውቃለህ፣ አባ የዐረቡን ጽሕፈት እንጂ ፊደል አያነቡም፤ ደብዳቤህን የሚሰሙት በእኔ አፍ ነው። አክስታችን ሐዲያም ነበሩ። ሰላምታውን አነበብኩ፤ ስለ አዲስ አበባ ብርድ አነበብኩ። ከዚያ እዚያ ቦታ ላይ ደረስኩ። በፊዚዮሎጂ የመጀመሪያ ፈተና ከመቶ ሠላሳ ስምንት ማግኘትህን፣ ወሩ ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲውን ትተህ አባ ሱቅ ለመግባት መወሰንህን፣ «ቀስ አድርገሽ ንገሪልኝ» ማለትህን አየሁ። ድምፄ ጠፋ።

«ምነው ቆምሽ?» አሉ አባ።

«ጽሕፈቱ ደቃቅ ሆኖብኝ ነው።»

«ፈተናውስ እንዴት ነበር ይላል?»

«ጥሩ ነበር ይላል» አልኩ።

አክስቴ ሐዲያ እግራቸውን ዘርግተው፣ «እንግዲህ ዶክተር ሲሆን መጀመሪያ የኔን ጉልበት ይይልኝ» አሉ።

«አንቺማ መጨረሻ ነሽ» አሏቸው አባ። «ያንቺን ሕመም መስማት ከጀመረ ሌላ በሽተኛ አያይም።»

እናታችን ከሞተች ወዲህ አባ እንዲያ ሲስቁ አላየኋቸውም። በማግስቱ መጋላ ገበያ ያሉት የጨርቅ ነጋዴዎች ሁሉ ፈተናው ጥሩ ነበር መባሉን ከአባ ሰምተው ነበር።

የዘለልኩትን አንቀጽ ግን ብቻዬን ስሆን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ያስተዋልኩት በአራተኛው ንባብ ነው። «ሙሉ ያገኘሁት የልብን ጥያቄ ብቻ ነው» ብለህ ከመስመር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሃታል። ያቺን ጥያቄ እኔ አውቃታለሁ።

ክረምት ላይ የፊዚዮሎጂውን መጽሐፍ ተውሰህ የመጣህ ጊዜ እኔ ስፌቴን ይዤ ተቀምጬ ነበር። በሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ አራት ሣጥን በረድፍ ሣልክና በላያቸው ቀኝ ልብ፣ ሳንባ፣ ግራ ልብ፣ ሰውነት ብለህ ጻፍክባቸው። «እስቲ ደሙን አስኪጂው» አልከኝ። እኔ ደግሞ ከፊደል በፊት የቀራሁት ቁርኣን ነውና፣ ሥዕል ሲሰጡኝ ዓይኔ ሁልጊዜ ከቀኝ ይጀምራል። ደሙን ከሰውነት ወደ ግራ ልብ፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ወሰድኩት።

«እንዲህ ከሆነማ ሁለታችንም ሞተናል» ብለህ ሳቅክ። ፊቴ ጋለ። ዝም ማለት ነበር የለመድኩት፤ ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ «ታዲያ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ማን ይከለክለዋል?» አልኩህ።

መጽሐፉን ይዘህ ወጣህና እስከ መግሪብ አልታየህም። ስትመለስ ገና ከደጃፉ፣ «በር አለው» አልከኝ። «ግን እንደ ጀጎሉ ሸዋ በር አይደለም። በገባበት አይወጣም።»

«ዘበኛው ማነው?»

«ዘበኛ የለውም። ደሙ ሊመለስ ሲል ራሱ ገፍቶ ይዘጋዋል። ልብ ሲመታ የምንሰማው የበሮቹን መዘጋት ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስፌቴን እየሰፋሁ ድንገት እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ። ለማንም አልነገርኩም። አብረውኝ የሚሰፉት የጎረቤት ልጆች ቢያዩኝ ያመመኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን እዚያ ውስጥ ያለውን ያወቅኩት ወንድሜ ስላስረዳኝ ነው እያልኩ እኮራለሁ። ኩራት ደግ ነገር እንዳልሆነ ተምረናል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ይህኛውን ልተወው አልቻልኩም።

ወንድሜ፣ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ልጅ ነኝ፤ አንተን ለመምከር አፍራለሁ። ግን ተመልከት። «የአዲስ አበባ ልጆች እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ይጠጡታል፣ እኔ እሸመድደዋለሁ፣ ወረቀቱ ፊት ግን ይጠፋኛል» ብለሃል። ልብ ለምን አልጠፋህም? እሱም የተጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ለእኔ፣ ደሙን ወደ ኋላ ለወሰድኩት ልጅ፣ እስኪገባኝ ድረስ አስረድተኸኝ ስለነበር ነው። ኩላሊትንና ሳንባን ለማንም አላስረዳህም።

ስለዚህ ኩላሊትን ጻፍልኝ፤ በአማርኛ፣ መጠቅለያ ወረቀት ላይም ቢሆን። ያልገባኝን እጠይቅሃለሁ። የሞኝ ጥያቄ እንደማይጠፋኝ አንተ ምስክር ነህ። ሁለተኛው ፈተና እስኪደርስ ብቻ ሞክር። ከዚያ በኋላ እመጣለሁ ብትል፣ ደብዳቤህን አንዲት መስመር ሳልዘል አነባለሁ።

አባን ግን ከዚህ በላይ ላታልላቸው አልችልም። ትናንት በሱቁ በኩል ሳልፍ ለአንድ ደንበኛ ስለ አንተ ሲያወሩ ሰማሁና በሌላ መንገድ ዞርኩ። እሳቸው የሚኮሩበት ልጅ አላቸው፤ እኔ ግን እኔው በፈጠርኩት ነገር እንዲኮሩ አደረግኳቸው። በእውነተኛው ይኩሩ።

ነገ ሱብሒ ሰግደው ወደ ሱቅ ሳይወጡ ፊታቸው እቀመጣለሁ። ጥሩ ነበር ያልኩት እኔ እንጂ አንተ እንዳልሆንክ እነግራቸዋለሁ። ያንን አንቀጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሠላሳ ስምንቱንም የልቡንም ጥያቄ አነብላቸዋለሁ። ድምፄ ከጠፋ ቆሜ እንደገና እጀምራለሁ። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ።

እህትህ
ሰዐዲያ