ዶሬሽ የተባለችው የልጅ ልጄ

ሎስ አንጀለስ፣ ጥር 8 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለማስረሻ። ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ይህን ጉልበቴን ካልቆጠርኩት ደህና ነኝ፣ ተመስገን።

የአድማሱ ሚስት፣ ፖርቱጋሏ፣ ሴት ልጅ ወለደች። በአያቷ ስም ዶሬሽ አለቻት። ትርጉሙን ብጠይቅ አድማሱ፣ «በመስቀሉ ሥር ያለቀሰችው የእመቤታችን ሐዘን ማለት ነው» አለኝ።

«ለአራስ ልጅ ሐዘን ተብሎ ስም ይወጣል እንዴ? እኔ በዚህ አልጠራትም!» ብዬ ፌርፋክስ ምግብ ቤት ውስጥ ሰው እስኪዞር ጮህኩበት።

«አባዬ፣ የጋሼ ማስረሻ ስምስ በሐዘን የወጣ አይደል?» አለኝ።

ካንተ በፊት የሞተችውን እህታችንን ታስረሳ ተብለህ ማስረሻ መባልህን እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ነግራው ኖሯል።

ልጅቷ ወሯ ሳይገባ ስለመጣች ሆስፒታል፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው ያስተኟት። በቀዳዳው እጄን ባስገባ ጣቴን ያዘችኝ። ሐኪሙ ትንሽነቷን ደጋግሞ ሲያወራ፣ የኛ ዘር ሲወለድ ትንሽ ነው አልኩት።

ክርስትናዋ ነገ ነው፤ ቄሱ እዚያው ሆስፒታል ይመጣሉ። ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ሰማንያ ቀን ለምን አልጠበቅህም ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ቄሱ በኋላ ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው።

አደራህን፣ ደብዳቤው እንደደረሰህ ዛሬ ነገ ሳትል ማርያም ሄደህ ስሟን አንሣልኝ። የክርስትና ስሟ ገና ስላልወጣ ዶሬሽ ብለህ ጥራት። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የምጠራት።

እናንተን በጤና ያቆይልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ ዘሪሁን