በትንፋሽ የተፈረመ ስምምነት

ለተከበሩ የወሊድ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳላውቅ ለተስማማሁባቸው ነገሮች ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና በክፍልዎ ለሚያገለግሉ ሐኪሞችና አዋላጆች ሁሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ምናልባት እንደ ሰው ልጅ ታመው አልጋ ላይ የዋሉ እንደ ሆነም ጠያቂ አያሳጣዎ። ይህን ምርቃት ያለ ምክንያት አልመረጥኩትም፤ ከሦስት ዓመት በፊት በክፍልዎ አልጋ ላይ በዋልኩበት ቀን ጠያቂዎቼ ኮሪደሩን ሞልተውት ነበር፣ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

እኔ ከሆስፒታሉ በር ጥቂት ዝቅ ብላ ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። የነርሶችዎን ጋውን ሳሳጥር ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። የክቡርነትዎም ጋውን አንድ ጊዜ ኪሱ ተተርትሮ እኔ ዘንድ መጥቶ እንደ ነበር ያስታውሱ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኪሱ ባለበት ይመለስ ወይስ ትንሽ ዝቅ ይበል ብዬ ሰው ልኬ ካስጠየቅሁዎ በኋላ ነው መርፌ ያነሣሁት። የበኩር ልጄን በክፍልዎ ወልጃለሁ፤ አሁን ደግሞ የሁለተኛው ሰባት ወር ሞልቶኛል። በአካባቢያችን ያለው ማዋለጃ የእርስዎ ብቻ ስለ ሆነ፣ ብንኳረፍም ተመልሰን መገናኘታችን አይቀርም።

ባለፈው ወር ለክትትል መጥቼ ሳለ ሲስተሯ የድሮ ካርዴን አውጥታ ስታገላብጥ፣ የደንበኛ ልኬት ከተገለበጠ ደብተር ማንበብ የለመደው ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ። «እናት ተጠይቃ ተስማምታለች» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ «እናት ተጠይቃ ተስማምታለች»፣ ከእርሱም በታች ሦስተኛ። ባለቤቴ በትዳር ዘመናችን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ስስማማ አይቶኝ ስለማያውቅ፣ ካርዱ የሌላ ሴት እንዳይሆን ስሜን ደግሜ አየሁት፤ የእኔው ነው።

መቼ እንደ ተስማማሁ እንድታስታውሰኝ ሲስተሯን በትሕትና ለመንኳት። ያዋለደችኝ እርሷው ራሷ ስለ ነበረች አልተቸገረችም። በየጊዜው እንደ ጠየቁኝና እኔም በየጊዜው «እህ» እንዳልኩ ነገረችኝ፤ እንዳልጠራጠርም አፏን ከፈት አድርጋ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስብ አድርጋ አሳየችኝ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ አነጋገር ትንፋሽን እንዲያ ስብ ማድረግ «አዎ፣ ይሁን፣ ገብቶኛል» ማለት ነው። ባለቤቴ ከእናቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ሙሉ በስልክ ሲጨዋወት ከዚህች ትንፋሽ በቀር አንዲት ቃል ሳያወጣ ይዘጋል፤ እናቱም ጥሩ ተጫዋች ልጅ ወለድኩ ብለው ይመርቁታል። ይሁን እንጂ ምጥ የያዛት ሴትም ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። እንዲያውም አሳሳቡን ያሠለጠኑኝ የእርስዎው ባልደረቦች ናቸው፤ ግራና ቀኝ ቆመው «ሳቢ፣ የኔ እናት፣ በደንብ ሳቢ፣ ጎበዝ!» ሲሉኝ እንደ ታዘዝኩት ሳብኩ፤ በሳብኩ ቁጥር ስስማማ ኖሯል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉት እንዲህ ያለውን ትንፋሽ መሆን አለበት። በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ምንም ሳይለፈልፉ በመተንፈስ ብቻ መጥፋት እንደሚቻል ያስተማረኝ ግን ክፍልዎ ነው።

ይባስ ብሎ የሲስተሯን ማብራሪያ ስሰማ ከድንጋጤ የተነሣ ትንፋሼ ወደ ውስጥ ገባ። እርሷም «እንግዲህ ተግባባን» ብላ ካርዱን ዘጋችው። አራተኛው ስምምነቴ እዚያው ላይ ሳይመዘገብ አይቀርም። እስከዚያው ድረስ በሦስቱ ላይ ያለኝን ምስጋና በየተራው እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ ስለ መርፌው። ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ በተሰቀለልኝ ጉሉኮስ ውስጥ አንዲት ነርስ መርፌ ጨምራ ሄደች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ቃል የለኝም፤ አልጋው ሊከዳኝ ደርሶ ነበር። እኔ የዋህ ምጥ እንዲህ ድንገት የሚብስ ነገር ነው ብዬ ተቀበልኩት። መርፌው የምጥ ማፋጠኛ መሆኑን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ከካርዱ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ «ምጥ ዘግይቷል» ተብሎ ተጽፏል። ምጤ የት ሊደርስ ተጠብቆ እንደ ዘገየ ባላውቅም፣ ሰባት ሰዓት ላይ ክፍሉ ስብሰባ እንደ ነበረው ግን ኮሪደር ላይ የቆሙት ዘመዶቼ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አንብበዋል። ስብሰባው በሰዓቱ ተጀምሮ ከሆነ በእጅጉ ደስ ይለኛል።

፪ኛ፦ ስለ ተማሪዎቹ። ቁጥራቸው አሥራ አንድ ነበር። እርግጠኛ የሆንኩት ከጣሪያው ቀጥሎ ልቆጥረው የምችለው ነገር እነርሱ ብቻ ስለ ነበሩ ነው። ተማሪ ካላየ ሐኪም እንደማይሆን አውቃለሁ፤ እኔም ሙያዬን የተማርኩት የሰው እጅ አይቼ ነው። ግን ከአሥራ አንዱ አንዱ ደንበኛዬ ሆነና፣ ከእግሬ ሥር ቆሞ ሲያየኝ አወቀኝ፤ የጨዋ ልጅ ስለ ሆነም ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ «ጤና ይስጥልኝ» አለኝ። እኔም በምጥ መካከል «አብሮ ይስጥልን» ብዬ መለስኩ። ያን ቀን በሙሉ ድምፄ የተናገርኩት ቃል ይኸው ብቻ ነበር፤ በካርዱ ላይ ግን ብፈልገው አጣሁት። እንዳሳጥርለት የሰጠኝ ሱሪ እስከ ዛሬ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል። መንገድ ላይ ስንገናኝም እርሱ ወደ ሰማይ፣ እኔ ወደ መሬት እያየን እንተላለፋለን።

፫ኛ፦ ስለ መቀሱ። ክቡር ሆይ፣ ሌላዋን እናት ሌላ ነገር ነው ብለው ሊያታልሏት ይችሉ ይሆናል፤ እኔን ግን በመቀስ ድምፅ የሚያታልለኝ ሰው ገና አልተወለደም። አሥራ ስድስት ዓመት ከእርሱ እንጀራ በልቻለሁ። ድምፁን ስሰማ የማን ጨርቅ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ጨርቁ እኔ ሆንኩ። «ሰፋ ተደርጎ ተሰፍቷል፣ እናት ተጠይቃ ተስማምታለች» ይላል ካርዱ። በእኛ ሙያ እንዲህ ተብሎ የሚጻፈው ስለ ቀሚስ ነው፤ የቀሚሱም ባለቤት ምኑ ጋ፣ ምን ያህል፣ በምን ክር ተብላ ከተጠየቀች በኋላ ነው። እኔ የራሴን ስፌት ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ፣ ወገቤን ይዤ፣ በመስታወት ቆጥሬ ነው። ለሁለት ወር ከስፌት መኪናዬ በርጩማ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ስሰፋ፣ ምን እንደ ሆንኩ ለሚጠይቁኝ ደንበኞች የምመልሰው እንኳ አልነበረኝም፤ የነገረኝ የለማ።

፬ኛ፦ ባለቤቴ ይህ ቁጥር እንዲቀር ለምኖኝ ነበር። እርሱ በዚያን ቀን ጫማዬንና ቦርሳዬን ታቅፎ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ሰው ወረቀት አቅርቦ «እዚህች ጋ ፈርም፤ ፎርማሊቲ ነው» ይለዋል። እርሱም ጫማዬን መረከቡን የሚያረጋግጥ መስሎት ይፈርማል። የፈረመው ግን «በሚስቴ አካል ላይ ለሚደረግ ማናቸውም ነገር ፈቅጃለሁ» በሚል ወረቀት ላይ ነው። የገዛ ሱሪውን ቁመት እኔን ሳያማክር የማይቆርጥ ሰው፣ በክፍልዎ አንድ ከሰዓት ውስጥ የእኔ አካል ባለሥልጣን ሆኖ ወጣ። እኔ ከዚያች ወረቀት ሦስት በር ብቻ ርቄ ነበር፤ ማንበብና መጻፍም እችላለሁ። ሹመቱን ከሰማ ወዲህ ያፍራል፤ ሳህን ማጠብም አብዝቷል፤ ስለዚህ በዚህኛው ቁጥር ላይ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አሁን ፭ኛውን ስጽፍ ቀልዴ ትንሽ ይለሰልሳል። በዚያን ቀን በክፍልዎ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ አንድ ነገር ጠይቃኛለች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከአልጋው ሥር መጥረግ ፈልጋ ምጡ ፋታ እስኪሰጠኝ ድረስ መወልወያዋን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ከዚያም ዓይኔን አይታ «እህቴ፣ ቅር ካላለሽ ከሥርሽ ጠረግ ላድርግ? አልጋውን ትንሽ እነካዋለሁ» አለችኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ክፍልዎ ለስምምነት ጉዳይ ኃላፊ የሚፈልግ ከሆነ፣ ሥልጠና የማያስፈልጋት ሰው እዚያው አለችልዎ።

ክቡር ሆይ፣ ለምን ይህን ሁሉ እንደምጽፍ በቅንነት ልንገርዎ። አማቴ «ምጡን እርሺው፣ ልጁን አንሺው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ልጄ ጤነኛ ናት፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ክሬን ሁሉ ስትተበትብ ነው ያረፈደችው፤ ስለ እርሷ ክፍልዎን ሳመሰግን አሽሙር የለበትም። ምጡንም እውነት ረስቼዋለሁ። መርሳት ያቃተኝ፣ እኔ እዚያው አልጋ ላይ ተኝቼ ሳለሁ ሰዎች በላዬ እርስ በርስ ስለ እኔ ሲያወሩና፣ ከመካከላቸው አንዱም ወደ ፊቴ ሳይመለከት መቅረቱን ነው። አዘንኩ፤ ተናደድኩም። አሁን ደግሞ ፈርቻለሁ። ካርዱን ካነበብኩ ወዲህ ሁለት የክትትል ቀጠሮ አሳልፌያለሁ፤ ከቤት እወጣና እስከ በሩ ደርሼ እግሬ ወደ ሱቄ ይመልሰኛል። ይህ ለእኔም ለሆዴም እንደማይበጅ አውቃለሁ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ሹመቱን ትቼው፣ ባለመናገሬ በፍርሃት ቤቴ ውስጥ ወልጄ እንዳልቀር ብዬ ነው።

የምለምንዎም ትንሽ ነው። አንድ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ምን እንደ ሆነና ለምን እንደ ሆነ በስሙ ንገሩኝ፤ ከዚያ መልሴን ጠብቁ። ምጥ ሲመጣ መናገር አልችልም፤ በአንዱና በሌላው መካከል ግን ጤነኛ፣ ሰሚና ተናጋሪ ሰው ነኝ። ፋታ የማይሰጥ ነገር ቢመጣም «የልጅሽ ልብ እየደከመ ነው፣ አሁኑኑ ማውጣት አለብን» የምትል አንዲት ቃል መቀሱን ከመንገዱ አታዘገየውም። እኔም በበኩሌ መስማማቴን በትንፋሽ ሳይሆን በሙሉ አፌ፣ «አዎ» ብዬ እንደምናገር ቃል እገባለሁ። ምናልባትም ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ኖሮ ለመርፌውም፣ ለተማሪዎቹም፣ ለመቀሱም እሺ እላችሁ ነበር፤ ማን ያውቃል? እኔም አላውቅም፤ የማወቅ ዕድሉን አላገኘሁትም። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ የፊታችን ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ነው። እስከዚያ አንድ ሰው ካርዴ ላይ «ይህች ሴት ትጠየቅ» ብሎ ቢጽፍልኝ እገባለሁ።

ለክቡርነትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ እንዳልል ሆዴ አያጎነብሰኝምና፣ ቀጥ ብዬ እንደ ቆምኩ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ፤

የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የገና ያልታወቀው ተሸካሚ፣
የአንድ ባለሥልጣን ባል ሚስት፣
ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ሦስት ጊዜ የተስማማችው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለአዋላጆች ክፍል
ለሱቄ በር (ማንበብ ለሚሹ መንገደኞች)

ማስታወሻ፦ ይህን የምጽፈው በመዝገብ ቤታችሁ መስኮት ላይ ተደግፌ ነው። ደብዳቤውን ያስረከብኳቸው አዛውንት ሠራተኛ ፋይል ውስጥ ሊያስገቡት ወረቀት መብሻውን ካነሡ በኋላ ቆም አሉና፣ ዳር ላይ ሁለት ቀዳዳ ቢበሱበት እፈቅድ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ቀዳዳው የት ጋ እንደሚያርፍ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ፊደል እንዳይነካም ጠጋ አደረጉት፤ ከዚያ መልሴን ጠበቁ። በጥንቃቄያቸው ስደነቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ አሳዩኝ፤ «ባለቤቱ ሳይጠየቅ የማንም ሰው ወረቀት አይበሳም፣ አይቆረጥም» ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። መመሪያው እጅግ ግሩም ስለ ሆነ አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም፦ ከመዝገብ ቤቱ እስከ ማዋለጃ ክፍሉ ያለው ደረጃ ሃያ ሁለት ብቻ ነው፤ እኔ በዚህ ሆዴ ወጥቼዋለሁ።