ስሙን ያልጠየቁት ቄስ

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ

የፊልም መተግበሪያው «ላንቺ የተመረጠ» ብሎ ያቀረበልኝን አስፈሪ ፊልም ከቅዳሴ መልስ ከአክስቴ ከእትዬ ዘውዴ ጋር በስልኬ አየነው። ምኑም አያስፈራ! ሰይጣን የተባለው ፊቱን ዱቄት የነሰነሱት ሰውዬ ነው። የያዛት ልጅ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ቆማ ትጮኻለች። መጨረሻ ላይ ቄሱ ጠበል ረጨት አደረጉና ዳነች ተባለ።

«ስሙን ሳይጠይቁት?» አሉ እትዬ ተቆጥተው። «የት እንደያዛት ሳያስለፈልፉት፣ እንዳይመለስ ሳያስምሉት? ይኼማ ነገ ተመልሶ ይመጣል!»

ሳቄን ሳልጨርስ የአቤቱታ ደብዳቤዬ ትዝ አለኝ። በቅጥር ፈተናው አንደኛ ወጥቼ ሳለ የመምህርነቱ ቦታ ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ጽፌያለሁ። ማን እንደሰጠው ግን አልጻፍኩም፤ «የሚመለከተው አካል» ብዬ አልፌዋለሁ። እኔን ብሎ ደፋር! ቀደድኩት። በአዲሱ ላይ ቦታውን የሰጠውን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስም ከነአባቱ አሰፈርኩ፤ ቦታዬን በየትኛው ስብሰባና በምን ምክንያት እንደሰጠ ፈርሞ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ።

ለእትዬ አነበብኩላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው እኮ የሥጋ ዘመዳችን ነው!»

«አውቃለሁ። እንግዲያው የአያቱን ስም ይንገሩኝና ልጨምርበት።»

እስካሁን አልነገሩኝም። ደብዳቤው ግን ነገ ጠዋት ይገባል።