የጣሪያችንን መተንፈሻ ለደፈኑልን ኃላፊ

ለተከበሩ የቤቶች ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ በተለይም የሳንባዎን ደህንነት እየጠየቅሁ፣ በእንጨት ቤቶቹ የምንኖር ተከራዮች ለእርስዎ ያለንን አድናቆት በአደባባይ እንድገልጽ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1ኛ. ብርድና ወፍ እንዳይገባብን አዝነው፣ የድሮ አናጺዎች በጣሪያው ጠርዝ ሥር ዙሪያውን የተዉትን ክፍተት ሁሉ በፎም ስላስደፈኑልን እናመሰግናለን። ወፎቹ ሄደዋል። ከድስታችን፣ ከእጥበታችንና ከትንፋሻችን የሚነሣው እንፋሎት ግን መውጫ አጥቶ፣ በኮርኒሱ አልፎ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ይሆንና ጠዋት ጠዋት መልሶ እኛው ላይ ይንጠባጠባል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ቤት ውስጥ ጃንጥላ የምንዘረጋ ሰዎች ስላደረጉን ኩራታችን ወሰን የለውም።

2ኛ. አቤት ስንል ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ ቀየሩልን። ውሃው የሚመጣው ከውስጥ ነው ብንልም፣ የአቤቱታ ቅጽዎ ከዝናብና ከቧንቧ በቀር ሌላ የእርጥበት ምክንያት ስለማያውቅ፣ ሳይዘንብ የረጠበው ቤታችን አልረጠበም ተብሎ ተፈርሞበታል።

3ኛ. የላኩልን ባለሙያ በበጋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ጣሪያውን ቃኝቶ፣ ጥፋቱ ሰባት ሆነን አብዝተን መተንፈሳችን መሆኑን አስረዳን። ቀንሰን ለመተንፈስ እየሞከርን ነው፤ ትንሿ ልጄ ግን ገና አራት ወሯ ስለሆነ መመሪያው አልገባትም።

4ኛ. እግሯ የማይታዘዝላት እናቴ ከምትተኛበት አልጋ በላይ፣ ኮርኒሱ ረጥቦ ስለወደቀ የተጋለጠውን የጣሪያ ተሸካሚ ወራጅ፣ በአናጺነት ያረጀው አጎቴ በካቻቢቴ ወጋ ቢያደርገው፣ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰጠመ። እንጨቱ በስብሷል፤ አልጋዋን የምናዞርበት ሌላ ቦታ የለንም። አጎቴ ክፍተቶቹ ዛሬውኑ ይከፈቱ አለ፤ ያለ ፈቃድ የከፈተ ቤቱን ይለቃል የሚለው ማስታወቂያዎ ደግሞ በራችን ላይ ተለጥፏል። ፈቃዱን ከጠየቅሁ አምስት ወር ሆነኝ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቃል፤ እናቴ በተኛች ቁጥር ቀና ብዬ ያንን እንጨት አያለሁ፣ እፈራለሁም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እርስዎ ቢሮ አልደረሰም እንዴ?

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለትራስዎም ደረቅነት እየተመኘሁ፣

በበጋ የሚዘንብብኝ ታማኝ ተከራይዎ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ አጎቴ መሰላል ለመውጣት ስላረጀ፣ ክፍተቶቹን የሚከፍትልኝ ሌላ አናጺ ሳፈላልግ ያገኘሁት ሰው፣ እስከ ቅዳሜ ሥራ ይዣለሁ አለኝ። የት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ለካ የእርስዎን የራስዎን መኖሪያ ቤት ጣሪያ ፎም እየነቀለ ኖሯል። ከእርስዎ ሲጨርስ እኛ ዘንድ ይመጣል፤ ፈቃዳችሁን አሳዩ ለሚለን ተቆጣጣሪ፣ መጀመሪያ የእርስዎን አይቶ እንዲመጣ በአክብሮት እንነግረዋለን።