ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚወድቀው ድረ ገጽ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

የእንግዳ ማረፊያዬ ድረ ገጽ ዛሬም «የሰርቨር ስህተት» ብሎ ተዘጋ። ያውም እንግዳ የሚበዛበት የገና በዓል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው! ሳምንቱን ሙሉ ኮድ ስበረብር ሰነበትኩ።

ጎረቤቴ መሪጌታ ከቤተ ማርያም ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ በረንዳ ላይ አገኙኝ። «ልጄ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምትበሳጪው። ሰዓት የሚያከብር ነገር አዛዥ አለው» አሉ።

አዛዡ እኔው ራሴ! ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰው በማይገባበት፣ የገጹን ቅጂ እንዲያስቀምጥ ሰርቨሩን አዝዤው ነበር። እሱ ግን ስምንትን በፈረንጅ ቆጥሮ፣ እንግዶች ክፍል በሚይዙበት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምርና አቅም አጥቶ ይወድቃል። አስተካከልኩት፤ ተነሳ። ተመስገን!

«እግዜር ይስጥልኝ፣ መሪጌታ» አልኳቸው።

«ታዲያ ነገ ‹እንዴት አደርሽ› ስልሽ ትመልሺልኛለሽ?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ለካ ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታቸውን አልመለስኩም።